ለቤተ መጻሕፍት ሥራ ወደ ፍኖተ ሰላም ለምትመጡ

አዲስ አበባን ለቅቄ ለቤተ መጻሕፍት ሥራ ፍኖተ ሰላም ከገባሁ ወዲህ በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ እንደ እኔ ኢንፎርሜሽን ሳይንስ ተምረው ሥራ የሚፈልጉ ናቸው። ከዞንና ከወረዳ ከተሞች የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ቅጥር ሲወጣ «ልወዳደር ወይስ ይቅርብኝ?» ይሉኛል። ደመወዙንና ደረጃውን ማስታወቂያው ላይ ታገኙታላችሁ። እኔ የምጽፈው ማስታወቂያው ስለማይነግራችሁ ነገር ነው።

ቦታውን ለማታውቁት፦ ፍኖተ ሰላም የምዕራብ ጎጃም ዞን ዋና ከተማ ናት። በባሕር ዳር መንገድ ከአዲስ አበባ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ዓባይ በረሃን ወርዳችሁ ደጀን ትወጣላችሁ፤ ደብረ ማርቆስን፣ ደምበጫንና ጅጋን ስታልፉ ትደርሳላችሁ። ከእሷ ቀጥሎ ማንኩሳ፣ ከማንኩሳ ቀጥሎ ቡሬ ነው። ወይና ደጋ ስለሆነች ብርዱ አያስመርርም፤ ክረምቱ ግን የዋዛ አይደለም። ለመጽሐፍ ደግሞ ዝናቡ ጠላት ነው። መደርደሪያችሁን ከግድግዳው አርቁት፣ የታችኛውን መደዳ ባዶ ተዉት፣ ምስጥ መኖሩን በየጊዜው እያያችሁ ተከታተሉ።

አሁን ለመምጣት የሚያስብ ሰው ስለ ጸጥታው ሳይጠይቅ አይነሳ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል ያለው ጦርነት ይህን አካባቢ ክፉኛ ጎድቶታል። በነሐሴ 2015 ፍኖተ ሰላም ላይ በደረሰ የአየር ጥቃት ሰዎች ሞተዋል፤ በክልሉ ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጧል፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ልጆች ቤት ውለዋል። መንገድ የሚዘጋበት ቀን አለ። በምትነሱበት ዕለት ጠዋት እዚህ ያለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ፤ መንገዱ ከተዘጋ ባላችሁበት ቆዩ። ይህን የማነሳው ላስፈራችሁ አይደለም። የቤተ መጻሕፍት ሥራ እዚህ ለምን እንደሚያስፈልግ የገባኝ በዚህ ምክንያት ስለሆነ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋና ኔትወርክ ሲጠፋ አንድ ልጅ እጅ ላይ የሚቀረው አስቀድሞ ተውሶት የሄደው መጽሐፍ ብቻ ነው።

ብዙዎቹ ቤተ መጻሕፍቶቻችን ግን አያውሱም።

አሠራሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቦርሳ በር ላይ ይቀመጣል፣ መታወቂያ ይያዛል፣ መጽሐፉ ከጠረጴዛ ይሰጣል፣ አንባቢው እዚያው ተቀምጦ አንብቦ ይመልሳል። ወንበሩን ሞልተው የምታገኟቸው ተማሪዎች ደግሞ አብዛኞቹ መደርደሪያውን አይነኩትም። የራሳቸውን ደብተርና የድሮ የፈተና ወረቀት ይዘው ነው የሚመጡት፤ የሚፈልጉት ጸጥታውንና መብራቱን ነው። አልፈርድባቸውም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ወስደው ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን የሚያውቅ ልጅ ልብ ወለድ ውሰድ ሲባል ጊዜውን የሚሻሙበት ይመስለዋል። ሆኖም ያ ልጅ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ጥያቄ አንብቦ ለመረዳት የሚቸገረው፣ ከመማሪያ መጽሐፍ ውጭ ረጅም ነገር አንብቦ ስለማያውቅ ጭምር ነው ብዬ አምናለሁ። ንባብ ደግሞ ቤት ሲገባ ነው የሚለመደው፤ ማታ፣ በእሑድ፣ ከብት ሲጠበቅ።

ታዲያ ለምን አናውስም? «ሕዝቡ አይመልስም» የሚለውን መልስ ከብዙ ሰው ሰምቼዋለሁ፤ አልቀበለውም። ትክክለኛው ምክንያት የንብረት መዝገቡ ነው። መጽሐፍ ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ሲገባ እንደ ወንበሩና እንደ ጠረጴዛው በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፤ በሞዴል 22 ወጪ ተደርጎ ለባለሙያው ይሰጣል። ባለሙያው ሲዛወር ርክክብ አለ፤ የጎደለ ካለ የሚጠየቀው እሱ ነው። ስለዚህ ቁልፉን የያዘ ሰው ፈሪ ቢሆን አይደንቅም። ያልተነበበ መጽሐፍ አያስጠይቀውም፤ ተነብቦ የጠፋ መጽሐፍ ግን ከደመወዙ ሊቆረጥ ይችላል። አንባቢን የሚያርቅ አሠራር የመጣው ከክፉ ሰዎች ሳይሆን ከዚህ ፍርሃት ነው።

እናም ሥራ እንደጀመራችሁ ከሁሉ በፊት ርክክቡን በትዕግሥት አድርጉት። እያንዳንዱን መጽሐፍ በእጃችሁ ይዛችሁ ሳትቆጥሩ አትፈርሙ። የተቀደደውን፣ ሽፋን የሌለውን፣ መዝገብ ላይ ኖሮ መደርደሪያ ላይ የሌለውን ለይታችሁ ጻፉና ተረካቢም አስረካቢም ይፈርሙበት። ቀጥሎ የማዋሻ ደንብ በጽሑፍ አቅርቡ፤ ኃላፊው ፈርሞ ማኅተም ያድርግበት። ደንቡ ውስጥ አንድ አንቀጽ እንዳይቀር፦ በንባብ ያለቀና ከተዋሱት ሰዎች እጅ የጠፋ መጽሐፍ በዓመቱ መጨረሻ በኮሚቴ ታይቶ ከመዝገብ ይሰረዛል የሚል። በየትም አገር ያለ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ይጠፋበታል፤ ከመዝገቡ አንድም ያልጎደለበት ቤት የሚኖረው ሳያውስ ሲቀር ነው።

ደንቡ ብቻውን ግን አያውስም። የሚያውሰው ዋስ ነው። ጎጃም ውስጥ ዋስ መጥራት እንግዳ ነገር አይደለም፤ ብድሩም ዕርቁም በዋስ ሲሄድ የኖረ አገር ነው። የከተማ ተማሪ ወላጁን ወይም መምህሩን ይጠራል። ከገጠር መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ ግን ዘመዱ ሩቅ ነው፤ የሚያውቀው አከራዩን፣ ቅዳሜ እህል የሚያወርድለትን ነጋዴ፣ የደብሩን ቄስ ነው። እነሱም ዋስ መሆን ይችላሉ። ይህን የምለው በድፍረት ነው፤ ምክንያቱም አንዲት ጠላ ሻጭ እናት ለተከራያቸው ልጅ ዋስ ሆነው ሲፈርሙ አይቻለሁ። መጽሐፉ አንድ ቀን ሲዘገይ ራሳቸው ይዘውልኝ መጡ። «ልጄ፣ ስሜ ያለበት ነገር አይደርብኝ» አሉኝ።

እዚህ ላይ ነው ወደ ትንሽ ከተማ መዛወር ከሥራው የማይለየው። ዋሱን የማታውቁት ከሆነ ፊርማው ወረቀት ብቻ ነው። ስለዚህ ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ቤት ይዤ እመላለሳለሁ የምትሉ፣ ወይም ዝውውር እስኪመጣ ሁለት ዓመት ልቆይ ብላችሁ የምትመጡ ካላችሁ ሐሳባችሁን ደግማችሁ አስቡት። ግቢ ውስጥ ከሰው ጋር ተከራዩ። ዕድር ግቡ። ለቅሶ ድረሱ፣ ቡና ስትጠሩ አትቅሩ። በእናንተ ዘንድ ይህ ማኅበራዊ ሕይወት ይባል ይሆናል፤ እዚህ የማዋሻ ሥርዓቱ ግማሽ ነው። የልጁ አጎት የት እንደሚሠራ፣ እናቱ በየትኛው ቀን ገበያ እንደምትወጣ የምታውቁ ከሆነ መጽሐፍ ለማስመለስ ደብዳቤ አያስፈልጋችሁም።

የመመለሻ ቀኑም የአገሩን ዓመት ይከተል። የአሥራ አምስት ቀን ሕግ ከመጽሐፍ የተማርነው ነው። በርበሬ ሲለቀም፣ ጤፍና ዳጉሳ ሲታጨድ የገጠር ልጆች ከከተማ ይጠፋሉ፤ የቡሬና የጃቢ ጠህናን ገበሬ ያን ጊዜ አንድም እጅ አይተርፈውም። በዚያ ወቅት የተዋሰ ልጅ እስከ አዝመራው ማብቂያ ጊዜ ይሰጠው። እኔ እንዲህ ነው የማደርገው፤ መጽሐፎቹም ይመለሳሉ።

ስለ ማንኩሳ ሳልነግራችሁ አላልፍም። የሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. የታተመ መሆኑን፣ በዛብህም የማንኩሳ ልጅ መሆኑን ታውቃላችሁ። መንገዱን ሳላየው በፊት ማንኩሳ ለእኔ የመጽሐፍ አገር ብቻ ነበረች፤ አሁን በሚኒባስ የማልፋት፣ ከእሷ የሚመጡ ደንበኞች ያሉኝ ከተማ ናት። ከእነሱ አንዱ አዛውንት ናቸው። መጽሐፉን በሬዲዮ፣ በወጋየሁ ንጋቱ ንባብ ሰምተውት ከዳር እስከ ዳር ያውቁታል፤ በእጃቸው ግን ይዘውት አያውቁም ነበር። መምህርት ልጃቸው ዋስ ሆነችላቸውና ወሰዱት። ዓይናቸው ስለደከመ የሚያነብላቸው የልጅ ልጃቸው ነው። የመመለሻው ቀን ሲደርስ ጊዜ ይጨመርልኝ አሉ፤ ልጁ አንዳንድ ቦታ ላይ ይሳሳታል፣ «ወጋየሁ እንዲህ አላለውም» እያልኩ ወደ ኋላ አስመልሰዋለሁ አሉኝ። ጨመርኩላቸው። የስምንተኛ ክፍል ልጅ ያን የሚያህል መጽሐፍ ጮክ ብሎ እያነበበ ነውና ለእኔ ከዚህ የበለጠ የሥራ ሪፖርት የለም።

ሌላው ደግሞ የአብነት ተማሪዎች ናቸው። ጎጃም የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ ቤቶች አገር ነው፤ ቅኔ ተምሮ ያደገ ሰው ገበያ መሐል ታገኛላችሁ። እነዚህ አንባቢዎች ሲመጡ ልብ ወለድ አይጠይቁም። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን የ1948 ዓ.ም. የግእዝ መዝገበ ቃላት ወይም የደስታ ተክለ ወልድን «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ይጠይቃሉ። ካላችሁ እነዚህን አታውሱ፤ ሁሉም በሚደርስበት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡ። ከሌላችሁ የዓመቱ በጀት መጀመሪያ ለእነሱ ይዋል። የቡሬው አንባቢ ሌላ ነው። ከተማው የነቀምቴ መንገድ የሚገነጠልበት ነው፣ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለው፣ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ አለው፤ ከዚያ የሚመጡ ወጣቶች ሒሳብ አያያዝ፣ ኤሌክትሪክ፣ የእንግሊዝኛ ሰዋስው ይፈልጋሉ።

ለባለሙያዎች ብቻ አንድ ነገር ልጨምር። በዲዊ ቁጥር ከሄዳችሁ የአማርኛው ልብ ወለድ፣ ግጥምና ተውኔት በሙሉ 892.8 ሥር ይከማችና አንድ መደርደሪያ ሲጨናነቅ ሌሎቹ ባዶ ይሆናሉ። እዚያ ውስጥ በደራሲው በራሱ ስም በሀሁ ተራ ደርድሩት፤ የአባቱን ስም እያስቀደማችሁ አንባቢውን አታንከራትቱ። ሀ፣ ሐ እና ኀን ደግሞ አንድ ላይ አድርጓቸው። ሀዲስ ዓለማየሁን አንዱ ሽፋን በሀ፣ ሌላው በሐ ይጽፋቸዋል፤ ፊደሉን ጠብቃችሁ ከለያያችኋቸው የአንድ ሰው መጻሕፍት ሁለት ቦታ ይቀመጣሉ።

«አብርሆት የሚያህል ቤተ መጻሕፍት በ2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተከፍቶ፣ አንቺ ወደ ታች ትወርጃለሽ?» ያለኝ ጓደኛ አለኝ። መልሴ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ነው። ሳንፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የሕፃናት ክፍል ባለሙያ ነበር። ለኢትዮጵያውያን ልጆች በቋንቋቸው የተጻፈ መጽሐፍ ማጣቱ አሳሰበው፤ ወደ አገሩ ተመለሰና በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ ሾላ ላይ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈተ፤ ኋላም አዋሳ ላይ መጽሐፍ በአህያ ጋሪ እያዞረ አስነበበ። ከሳንፍራንሲስኮ ሾላ የመጣ ሰው ወደ ታች ወረደ ብሎ የሚያስብ የለም። እኔም ከአዲስ አበባ ፍኖተ ሰላም መምጣቴን እንደዚያ አላየውም።

መጽሐፍ እንላክልሽ ላላችሁኝ፦ የቆዩ የኮምፒውተር መመሪያዎችንና ከሥርዓተ ትምህርቱ የወጡ የድሮ መማሪያዎችን አትላኩ፤ ቦታ ይይዛሉ እንጂ አይነበቡም። የምንፈልገው የልጆች የአማርኛ ተረቶች፣ ቀላል የእንግሊዝኛ ታሪኮች፣ የአሁኑ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል መማሪያና አጋዥ መጻሕፍት፣ የግብርናና የእንስሳት ጤና መጻሕፍት በአማርኛ፣ እና ከአንድ በላይ ቅጂ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ከመላካችሁ በፊት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ መንገዱ ክፍት መሆኑን አይቼ በየትኛው አውቶቡስ እንደምትልኩ እነግራችኋለሁ። የእያንዳንዱን መጽሐፍ ርዕስ በወረቀት ዘርዝራችሁ ጨምሩበት፤ ሞዴል 19 የሚቆረጠው በዚያ ዝርዝር ነው።