«ቆይ፣ እጨምርልሃለሁ» ሲባል አስቀድሞ የሚቆጠረው ምንድን ነው?

ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ በርካታ ወጣቶችና አባወራዎች በየዓመቱ ወደ መተማ፣ ቋራና ሁመራ የሰሊጥ እርሻዎች ይወርዳሉ። የመሬት ጥበትና የአፈር መሸርሸር የገፋቸው እነዚህ ሠራተኞች በክረምቱ ለአረም፣ መስከረም ሲጋመስ ደግሞ ለአጨዳ ይፈለጋሉ። በዚያም አንድ ከባድ ውሳኔ ይገጥማቸዋል። ክፍያው የተጓተተበት፣ ምግቡና ማደሪያው የከፋበት ሠራተኛ ወደ ሌላ እርሻ ለመሻገር ሲነሳ፣ አሠሪው ወይም ካቦው «ቆይ፣ በቀኑ ሒሳብ ላይ እጨምርልሃለሁ» ይለዋል። መቆየት ይሻላል ወይስ መሄድ?

ጭማሪው ለምን አሁን መጣ?

መልሱ የሚጀምረው ከሰሊጡ ጠባይ ነው። ሰሊጥ ደርሶ ሲደርቅ የዘር መያዣው ከጫፉ ይሰነጠቅና ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ አጨዳው በጥቂት ቀናት ውስጥ መጠናቀቅ አለበት፤ የዘገየ ባለሀብት የዓመት ልፋቱን ከመሬት ላይ አይለቅመውም። በዚህ ሰዓት የሚቀርብ ጭማሪ ወቅቱ አሠሪውን እንዳስጨነቀው ያሳያል እንጂ አያያዙ ለመሻሻሉ ማስረጃ አይሆንም። ሰሊጡ ታጭዶና ታስሮ ከተከመረ በኋላ ጥድፊያው ይበርዳል፤ የሠራተኛው የመደራደር አቅምም አብሮ ይቀንሳል።

ትልቁ ገንዘብ የቱ ነው?

አንድ ሠራተኛ በቀን በ500 ብር ሒሳብ 20 ቀን ሠርቶ ምንም አልተከፈለውም እንበል። በአሠሪው እጅ 10 ሺህ ብር አለው። ለቀሪዎቹ 15 ቀናት በየቀኑ 100 ብር ቢጨመርለት፣ ጭማሪው በጠቅላላው 1 ሺህ 500 ብር ነው። ዓይን የሚስበው 1 ሺህ 500 ብሩ ቢሆንም አደጋ ላይ ያለው 10 ሺህ ብሩ ነው። ሠራተኛው ያለ ክፍያ በቆየ ቁጥር ይህ ውዝፍ እየጨመረ፣ መልቀቁም ይበልጥ እየከበደው ይሄዳል። ስለዚህ «ስንት ይጨመርልኛል?» ከማለት በፊት «እስከ ዛሬ የሠራሁበት መቼ ይከፈለኛል?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

በእርግጥ ክፍያ የሚያዘገይ ሁሉ አታላይ አይደለም። በብድር የሚያርስ ባለሀብት ሰሊጡ እስኪሸጥ ጥሬ ገንዘብ ሊያጥረው ይችላል። ይሁን እንጂ ያለፈውን መክፈል ያቃተው አሠሪ የጨመረውን ከየት አምጥቶ እንደሚከፍል መጠየቅ ተገቢ ነው።

ገንዘብ የማይጠግነው ችግር

ሠራተኛው ሊለቅ የተነሳው በማደሪያውና በጤናው ምክንያት ከሆነ ጭማሪው ምክንያቱን አይነካውም። በቆላው እርሻ ወባና ካላዛር አሉ። ካላዛር በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ፣ ካልታከመ የሚገድል በሽታ ነው፤ የማያቋርጥ ትኩሳት፣ ክሳትና የጣፊያ ማበጥ ምልክቶቹ ናቸው። በ1997 ዓ.ም. በደቡብ ጎንደር ሊቦ ከምከም ወረዳ በወረርሽኝ መልክ በተገኘበት ጊዜ ተመራማሪዎች በሽታው ከቆላ እርሻ በተመለሱ ሠራተኞች በኩል ሳይገባ እንዳልቀረ ገምተው ነበር። አጎበርና መጠለያ የሌለው እርሻ ጉዳቱ እስከ ደጋው ቤተሰብ ሊዘልቅ ይችላል ማለት ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወቅታዊ ሥራ የሚደረግን ውልም ይመለከታል። ውሉ በቃል ከሆነ አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ የውሉን ዝርዝር የያዘና የተፈረመበት ጽሑፍ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በፈቃዱ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይጠበቅበታል። አሠሪው ግዴታውን በተደጋጋሚ ሳይፈጽም ከቀረ ግን ምክንያቱንና ቀኑን በጽሑፍ አሳውቆ ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላል። ውሉ ሲቋረጥ ክፍያው በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት፤ ያለ በቂ ምክንያት ከዘገየ ፍርድ ቤት እስከ 3 ወር ደመወዝ የሚደርስ ተጨማሪ ክፍያ ሊወስን ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ቀን ቆጠራ መዘንጋት የለበትም። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ፣ ክፍያው መፈጸም ከነበረበት ቀን አንሥቶ 6 ወር ካለፈው በይርጋ ይታገዳል። በጥቅምት መጨረሻ ሊከፈል የሚገባውን ገንዘብ «ለከርሞ አረም ስወርድ እቀበለዋለሁ» ብሎ ወደ አገሩ የተመለሰ ሠራተኛ፣ ሐምሌ ሲደርስ መብቱ ሚያዝያ ላይ አልፎበት ያገኘዋል። ሠራተኛ ለሚያቀርበው የሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም።

መቀበል የሚሻለው መቼ ነው?

አሠሪው ውዝፉን በእጅ ከከፈለ፣ አዲሱን ዋጋና የክፍያውን ቀን በጽሑፍ ካሰፈረ፣ ለመነሻው ምክንያትም መፍትሔ ከሰጠ መቆየት ያዋጣል። ሌላ እርሻ ፍለጋ ቀን ያባክናል፤ አዲሱ አሠሪም የተሻለ ለመሆኑ ዋስትና የለም። ውዝፉ በከፊል ብቻ ከተከፈለ ደግሞ ቀሪው በየሳምንቱ እንዲከፈል ተስማምቶ፣ የመጀመሪያው ሳምንት ሲስተጓጎል መልቀቅ ይቻላል። የተሠሩትን ቀናት መዝግቦ መያዝና በአገር ልጆች ምስክርነት መነጋገርም ይረዳል፤ በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። በአገር ቤት የሚጠብቀው ሰብልም ከሒሳቡ መግባት አለበት፤ በቆላው የተጨመረው ብር የራስ ማሳ ላይ የሚባክነውን እህል ካልሸፈነ ጭማሪ አይባልም።

በነፋስ መውጫ፣ በወገዳ ወይም በመካነ ኢየሱስ ከተማ በግል ድርጅት የተቀጠረ ሰውም በዚሁ መንገድ ሊያሰላ ይችላል። ደመወዙ ከመጨመሩ በፊት፣ ከእሱ የሚቆረጠው 7 በመቶና አሠሪው የሚያዋጣው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ በስሙ ገቢ መደረጉን ያረጋግጥ። የትናንቱን ዕዳ ሳይከፍል የነገውን የሚጨምር አሠሪ የጨመረው ዕዳውን እንጂ ደመወዙን አይደለም።