የግቢው ዋይፋይ እንዴት ይከፈል?

አዲስ አበባ ውስጥ አከራይና ተከራይ በሚጋሩት ግቢ የመብራት ቆጣሪው ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ፍሪጅ ያለው ይጨምር፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ያለው ይጨምር እየተባለ ሒሳቡ ይከፋፈላል። ኢትዮ ቴሌኮም በ2010 እና በ2012 ዓ.ም. የመደበኛ ብሮድባንድ ታሪፉን ከቀነሰ ወዲህ በየግቢው የገባው ዋይፋይም በዚሁ ልማድ ሲከፋፈል አያለሁ፤ ስልክ የበዛበት ቤት ብዙ ይክፈል ይባላል። ይህ አሠራር ለመብራት ትክክል ነው። ለኢንተርኔት ሲሆን ግን ስህተት ነው፤ ጎረቤትንም በከንቱ ያጣላል።

መብራት የሚከፈለው በፈጀነው ኪሎዋት ሰዓት ነው። ያልተገደበ የቤት ኢንተርኔት የሚሸጠው ግን በፍጥነት ነው፤ ወሩን ሙሉ ብንጠቀምበትም ዘግተነው ብንከርምም ክፍያው አይለወጥም። ሌላው ሥራ በሄደበት ረፋድ ላይ ቤት የቀረች ተማሪ ትምህርቷን በቪዲዮ ብትከታተል በማንም ሒሳብ ላይ አንዲት ሳንቲም አትጨምርም።

ወጪው ያለው ማታ ነው። ግቢው በሰከንድ 10 ሜጋቢት የሚያደርስ መስመር ገዝቷል እንበል። ጥራቱ ከፍ ያለ አንድ ቪዲዮ 5 ሜጋቢት ገደማ ይፈልጋል። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሁለት ቤቶች ዩቲዩብን በቴሌቪዥን ከከፈቱ መስመሩ ሞላ ማለት ነው። ሦስተኛው ተከራይ አረብ አገር ካለች እህቱ ጋር በኢሞ ሲነጋገር ምስሉ ይቆማል፣ ድምፁ ይቆራረጣል። እሱም እኩል ከፍሏል! እንግዲህ ዋጋ ሊወጣለት የሚገባው የስልኩ ብዛት ሳይሆን የዚያ ሰዓት መጨናነቅ ነው። መነሻው ክፍያ እኩል ይዋጣ፤ ማታ ማታ በቴሌቪዥን ማየት የሚፈልጉት ደግሞ ወደ ቀጣዩ ፍጥነት ለማደግ የሚጨመረውን ልዩነት ይሸፍኑ። ልዩነቱ በታሪፉ ላይ የተጻፈ ስለሆነ አያከራክርም። ጭማሪውን የሚከፍል ከሌለም ብዙ ራውተሮች ላይ ለየመሣሪያው የፍጥነት ጣሪያ ማበጀት ይቻላል።

ፍጥነት ከመጨመር በፊት ግን ላፕቶፕን ከሞደሙ ጋር በኬብል አገናኝቶ መለካት ይገባል። በኬብል 10 ሜጋቢት እየመጣ ጓሮ ካለው ሰርቪስ ቤት 2 ብቻ ከደረሰ ችግሩ ግድግዳው እንጂ መስመሩ አይደለም። የ5 ጊጋኸርዝ ሞገድ ፈጣን ነው፤ ብሎኬትና ኮንክሪት ሲያቋርጥ ግን ቶሎ ይዳከማል። የ2.4 ጊጋኸርዙ ራቅ ብሎ ይደርሳል፣ ከጎረቤት ዋይፋዮች ጋር ግን ይጋፋል። መፍትሔው እስከ ጓሮው ኬብል ዘርግቶ ሁለተኛ ራውተር መትከል ነው። ይህ አንዴ ወጥቶ የሚያበቃ ገንዘብ ነው፤ የፍጥነት ጭማሪው ግን ወር በመጣ ቁጥር ይከፈላል። ጓሮ ለማይደርስ ፍጥነት በየወሩ የሚከፍሉ ቤቶች ያሳዝኑኛል።

ሌላው ጉዳይ ኃላፊነት ነው። ሞደሙ ከውጭ አንድ አድራሻ ተቀብሎ ለውስጥ ስልኮች የራሱን ያድላል፤ ስለዚህ ግቢው በሙሉ ለአቅራቢው የሚታየው እንደ አንድ ደንበኛ ነው። ማንም ምን ቢሠራ የሚነሳው ውሉን የፈረመው ሰው ስም ነው። ፓስወርዱን የመቀየርና ለማን እንደሚሰጥ የመወሰን መብትም የእሱ ይሁን። ተከራይ ሲለቅ በጋራ የተገዛው ኬብልና ራውተር ለማን እንደሚቀር ደግሞ ገንዘቡ ከመዋጣቱ በፊት ይነጋገሩበት።