ሳይርብ የሚያስበላ ነገር

ሆድ መሙላቱን ለአንጎል የሚያስታውቀው ዘግይቶ ነው። መብላት ከተጀመረ በኋላ ጥጋብ በቅጡ እስኪሰማ 20 ደቂቃ ያህል ሊፈጅ ይችላል። እስከዚያው «ይበቃል» ወይም «ጨምር» የሚሉት ዓይን፣ ትዝታና አብሮ የተቀመጠ ሰው ናቸው።

ዓይን የሚለካው በቀረበለት ነው። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ባርባራ ሮልስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ ለተሳታፊዎች በተለያዩ ቀናት ከ500 እስከ 1000 ግራም የሚደርስ መኮሮኒ በቺዝ ቀርቦላቸው ነበር። ትልቁ ሰሃን በቀረበበት ዕለት የወሰዱት ካሎሪ ከትንሹ ዕለት በ30 በመቶ በለጠ። ብዙዎቹ የመጠኑን ልዩነት ልብ እንኳ አላሉም።

ትዝታም የራሱ ድርሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ1998 ፖል ሮዚንና ባልደረቦቻቸው ያጠኗቸው ሁለት ሰዎች በአንጎል ጉዳት የቅርብ ጊዜ ትውስታቸውን ያጡ ነበሩ። ምሳቸውን ጨርሰው ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ሳይቆዩ ሌላ ምሳ ሲቀርብላቸው እንደገና በሉ። ሆዳቸው ሞልቷል፤ መብላታቸውን ግን አያስታውሱም። ቴሌቪዥን ወይም ስልክ እያዩ የሚበሉ ጤነኞችም ምን ያህል እንደበሉ በደንብ ስለማይዙት፣ ቆየት ብለው መክሰስ ማብዛታቸው ከዚሁ ጋር ይያያዛል።

ከሁሉ የሚበረታው ግን የሰው ተጽዕኖ ነው። ጆን ዲ ካስትሮ በአሜሪካ ሰዎች የሚበሉትን በማስታወሻ እንዲመዘግቡ አድርገው ባካሄዱት ጥናት፣ ከአንድ ሰው ጋር የተበላ ምግብ ለብቻ ከተበላው በ33 በመቶ፣ ከሰባትና ከዚያ በላይ ሰዎች ጋር የተበላው ደግሞ በ96 በመቶ በልጦ ተገኝቷል። ዋናው ምክንያት ጨዋታው ማዕዱን ማርዘሙ ነው። ይህ የሚሠራው ግን በወዳጅና በቤተሰብ መካከል ነው። እንግዳ ሰው ፊት ይሉኝታ እጅን ይይዛል፤ ያልጠገበውም «በቃኝ፣ ጠግቤያለሁ» ብሎ ይነሣል።

በመሶብ ዙሪያ እነዚህ ሁሉ በአንድ ላይ ይገናኛሉ። የእያንዳንዱ ሰው ድርሻ ለብቻው ስለማይታይ ዓይን መለኪያ ያጣል። ወጡ ሲጎድል በጭልፋ ይጨመራል፤ ስለዚህ «አለቀ» የሚል ምልክት አይመጣም። በዚያ ላይ «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን» አለ፤ አንድ ጉርሻም ብቻውን አይቀርም፣ ሁለተኛውን ይጠራል። አብልጦ የሚበላው ታዲያ ሆዳም ስለሆነ ሳይሆን፣ እምቢ ማለት የአክባሪውን እጅ መመለስ ስለሚመስል ነው።

በዚህ መስክ ሁሉም ወሬ እኩል አይታመንም። በሰሃንና በዕቃ መጠን ላይ ባወጧቸው ሥራዎች ዝነኛ የነበሩት ብራያን ዋንሲንክ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ምርመራ የምርምር ሥነ ምግባር ጥሰት አግኝቶባቸው በርካታ ጽሑፎቻቸው ተሰርዘዋል። ሰሃን በመቀየር ብቻ ውፍረት ይቀንሳል የሚለው ምክር እንግዲህ በጥርጣሬ ሊታይ ይገባዋል። ርቀት ግን ቀላልና አስተማማኝ ነው፦ ቡና ሲጠጣ ቆሎው ከእጅ አጠገብ ከተቀመጠ ሳይታሰብ ይዘገናል፤ ማዶ ካለው ጠረጴዛ ላይ ከሆነ ደግሞ ለመዝገን መነሣት ያስፈልጋል፣ ብዙ ሰውም አይነሣም።