ዋንጫው የማን ነው? ኮከብ ተጫዋችና አጋሮቹ በቅርጫት ኳስ

እ.ኤ.አ. ማርች 2 ቀን 1962 ምሽት በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ግዛት፣ ኸርሺ በተባለች አነስተኛ ከተማ፣ የፊላደልፊያ ዋሪየርሱ ዊልት ቼምበርሌን በኒውዮርክ ኒክስ ላይ ብቻውን 100 ነጥብ አስቆጠረ። በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ማለትም በኤን.ቢ.ኤ.፣ በአንድ ጨዋታ ይህን ያህል ነጥብ ያስቆጠረ ሌላ ተጫዋች የለም። ክንዋኔው የአንድ ምሽት ዕድል ብቻ እንዳልነበረ በዚያው የውድድር ዘመን በየጨዋታው በአማካይ ያስቆጠረው 50.4 ነጥብ ይመሰክራል። ከሳምንታት በኋላ ግን በጥሎ ማለፉ ወሳኝ ሰባተኛ ጨዋታ ቡድኑ በቦስተን ሴልቲክስ 109 ለ 107 ተሸንፎ ከውድድሩ ወጣ። የቦስተኑ መሐል ተጫዋች ቢል ራስል በዚያ ዘመን በጨዋታ ያስቆጠረው በአማካይ 18.9 ነጥብ ነበር። ያም ሆኖ የዓመቱን ምርጥ ተጫዋች ይመርጡ የነበሩት ተጫዋቾቹ ራሳቸው ድምፃቸውን የሰጡት ለራስል ነው።

ራስል በ13 ዓመት የጨዋታ ሕይወቱ 11 ጊዜ ሻምፒዮን ሲሆን ቼምበርሌን በ14 ዓመት የሆነው 2 ጊዜ ብቻ ነው። ብዙዎች ይህን ልዩነት የጸባይ ልዩነት አድርገው ተርጉመውታል፤ አንደኛውን ራስ ወዳድ፣ ሌላውን ለቡድኑ የሚሞት ብለው። እኛ በዚህ ጽሑፍ ጸባይን ለጊዜው ወደ ጎን ትተን ነገሩን በቁጥር ልንመረምረው እንሞክራለን። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ አንድ ግልጽ ነገር እንመን። የአንድ ኮከብ ክብደት እንደ ቅርጫት ኳስ ጎልቶ የሚታይበት የቡድን ስፖርት ጥቂት ነው። በእግር ኳስ ሜዳ ላይ 11 ተጫዋቾች ሲሰለፉ በቅርጫት ኳስ የሚሰለፉት 5 ናቸው። ኮከቡ ከ48ቱ ደቂቃ 40ውን ያህል ሊጫወት ይችላል፤ ቡድኑ ኳስ ይዞ ባጠቃ ቁጥርም ኳሱ በእርሱ እጅ እንዲያልፍ ማድረግ ይቻላል። ይሁን እንጂ ይህ ድርሻ ጣሪያ አለው። ከቡድኑ የማጥቃት ዕድሎች መካከል አንድ ሦስተኛውን በራሱ ውርወራ የሚያጠናቅቅ ተጫዋች እጅግ ብዙ ኳስ የሚጠቀም ተብሎ ይቆጠራል። የቀረው ሁለት ሦስተኛ የአጋሮቹ ነው። በዚህ ላይ የጨዋታው ግማሽ መከላከል መሆኑን ማስታወስ ያሻል፤ ኳሱ በተጋጣሚ እጅ ሳለ ኮከብም ቢሆን በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰው በላይ አጥብቆ ሊይዝ አይችልም።

ታዲያ ኮከቡ ከሁሉም የሚሻል ከሆነ ድርሻው ለምን ከአንድ ሦስተኛ ወደ ግማሽ፣ ከግማሽም ወደ ላይ አይጨመርለትም? መልሱ ያለው በውርወራዎቹ ጥራት ነው። ከዛፍ ፍሬ የሚለቅም ሰው እጁ የሚደርስበትን ቅርንጫፍ አስቀድሞ ያራግፋል፤ ቀጥሎ በጣቱ ጫፍ ይቆማል፤ በመጨረሻም መውጣት ይኖርበታል። ኮከብ ተጫዋችም የመጀመሪያዎቹን ውርወራዎች የሚያገኘው ተከላካዩን አምልጦ፣ አመቺ ቦታ ላይ ቆሞ ነው። ድርሻው በጨመረ መጠን ግን ሁለተኛና ሦስተኛ ተከላካይ ይመጣበታል፤ ከሩቅ፣ በተጣመመ አኳኋን፣ በድካም ይወረውራል። በ1980ዎቹ መጨረሻ የዲትሮይት ፒስተንስ ተከላካዮች ማይክል ጆርዳንን ያስቸገሩት በዚሁ ዘዴ ነበር፤ አንዱ ሲያልፈው ሌላው ይጠብቀዋል። ቡድኑ ቺካጎ ቡልስ በ1988፣ በ1989 እና በ1990 በተከታታይ በፒስተንስ ከጥሎ ማለፉ ወጥቷል።

አሁን ወረቀትና እርሳስ እናንሣ። ቀጥሎ ያሉት ቁጥሮች ለማስረዳት ያህል እኛው የመረጥናቸው እንጂ ከእውነተኛ ጨዋታ የተወሰዱ አይደሉም። አንድ ቡድን በጨዋታ 80 ጊዜ ወደ ቅርጫት ይወረውራል እንበል። አጋሮቹ በአንድ ውርወራ በአማካይ 0.9 ነጥብ ያገኛሉ። የኮከቡ አማካይ ከ1.3 ይነሣና እያንዳንዱ ተጨማሪ ውርወራ ይህን አማካይ በ0.01 ይቀንሰዋል። ኮከቡ 20 ጊዜ ቢወረውር አማካዩ 1.1 ይሆናል፤ እርሱ 22 ነጥብ፣ አጋሮቹ በ60 ውርወራ 54 ነጥብ፣ ቡድኑ በድምሩ 76 ነጥብ ያገኛል። በዚህ ጊዜ ተመልካቹ “ኮከቡ 1.1፣ ሌሎቹ 0.9፤ እንግዲያስ ኳሱ ለምን ለእርሱ አይሰጥም?” ብሎ መጠየቁ አይቀርም። አሠልጣኙ ይህን ሰምቶ የኮከቡን ውርወራ ወደ 30 ያሳድግ። አማካዩ 1.0 ሆነ፤ አሁንም ከአጋሮቹ ይበልጣል፤ የቡድኑ ድምር ግን ወደ 75 ወረደ። ወደ 40 ቢያሳድገው ኮከቡ ብቻውን 36 ነጥብ ያስቆጥራል፤ የቡድኑ ድምር ግን 72 ነው።

72 ምን ማለት እንደሆነ ልብ እንበል። ኮከቡ አንድም ኳስ ሳይወረውር ሰማንያውንም ውርወራ አጋሮቹ ቢወረውሩት የሚገኘው ድምር ይኸው 72 ነው። 36 ነጥብ ያስቆጠረው ጀግና በማጥቃት ረገድ ለቡድኑ የጨመረው ነገር የለም ማለት ነው! ስሕተቱ የተፈጠረው አማካይን ከአማካይ ጋር በማነጻጸራችን ነው። ማነጻጸር የሚገባው ቀጣዩ ውርወራ የሚያመጣውን ነው። ከ30ኛው ወደ 31ኛው ውርወራ ሲኬድ የኮከቡ ድምር ከ30 ወደ 30.69 ብቻ ያድጋል፤ ይኸውም 0.69 ነጥብ ነው፤ ከአጋሮቹ 0.9 እጅግ ያነሰ። ካልኩለስ የተማሩ አንባቢያን የድምሩን ተዳፋት ከ0.9 ጋር አስተካክለው 20 የሚለውን መልስ በአንድ መስመር ሊያገኙት ይችላሉ።

ይህ ሐሳብ የእኛ ግኝት አይደለም። ብራያን ስኪነር የተባለ የፊዚክስ ሰው በ2010 ባሳተመው ጥናት ቅርጫት ኳስን ከመኪና መንገድ ጋር አነጻጽሮታል። እያንዳንዱ አሽከርካሪ ለራሱ አጭር የሆነውን መንገድ ሲመርጥ አጭሩ መንገድ ይጨናነቅና ሁሉም ይዘገያል፤ ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ዲትሪሽ ብሬስ በ1968 እንዳሳየውም አንዳንድ ጊዜ አዲስ መንገድ መክፈት ጉዞውን ያረዝመዋል። በስኪነር አተያይ ኮከብ ተጫዋች የቡድኑ አጭር መንገድ ነው። ሁሉም ኳስ በእርሱ በኩል እንዲያልፍ ሲደረግ መንገዱ ይዘጋል።

ወደ ወረቀታችን እንመለስና አጋሮቹን እናሻሽላቸው፤ በውርወራ 0.9 ሳይሆን 1.0 ነጥብ ያምጡ። ስሌቱን ደግመን ስንሠራው ለኮከቡ የሚበጀው የውርወራ ብዛት ከ20 ወደ 15 ይወርዳል፤ የግል ነጥቡ ከ22 ወደ 17 ግድም ይቀንሳል፤ በአንድ ውርወራ የሚያገኘው አማካይ ግን ከ1.1 ወደ 1.15 ከፍ ይላል፤ የቡድኑ ድምርም ከ76 ወደ 82 ይደርሳል። ቼምበርሌን የገጠመው ይኸው ነው። በ1965–66 ለፊላደልፊያ ሰቨንቲሲክሰርስ ሲጫወት በአማካይ 33.5 ነጥብ አስቆጥሯል፤ ከውርወራዎቹም የተሳኩት 54 በመቶ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት አዲሱ አሠልጣኝ አሌክስ ሃነም ኳሱ እንደ ሃል ግሪር፣ ቼት ዎከርና ቢሊ ከኒንግሃም ላሉት አጋሮቹ በብዛት እንዲደርስ አደረገ። የቼምበርሌን ነጥብ ወደ 24.1 ወረደ፤ ስኬቱ ወደ 68.3 በመቶ አሻቀበ፤ ቡድኑ 68 ጊዜ አሸንፎ 13 ጊዜ ብቻ ተሸነፈ። የሴልቲክስን የስምንት ተከታታይ ዓመታት የሻምፒዮንነት ዘመን የዘጋውም ይህ ቡድን ነው።

የጆርዳን ታሪክም በመሠረቱ ከዚህ አይርቅም። በ1986 በቦስተን ላይ በአንድ የጥሎ ማለፍ ጨዋታ 63 ነጥብ አስቆጥሮ ቡድኑ በሁለት ተጨማሪ ሰዓት 135 ለ 131 ተሸነፈ። በቀጣዩ ዘመን በአማካይ 37.1 ነጥብ ሲያስቆጥር ቺካጎ 40 አሸንፎ 42 ተሸነፈ። ስኮቲ ፒፐንና ሆራስ ግራንት በ1987 መጥተው ከበሰሉ በኋላ፣ በፊል ጃክሰን አሠልጣኝነት፣ በ1990–91 የጆርዳን አማካይ ወደ 31.5 ሲወርድ የቡድኑ ድል ወደ 61 ወጥቶ የመጀመሪያው ዋንጫ ተገኘ። በ1997 የፍጻሜ ውድድር ስድስተኛ ጨዋታ ከዩታ ጃዝ ጋር 86 እኩል በነበሩበት የመጨረሻ ሰከንዶች ሁለተኛ ተከላካይ ወደ ጆርዳን ሲሮጥ ጆርዳን ኳሱን ባዶ ለቀረው ስቲቭ ከር አቀበለው፤ ከርም አገባ። ከር ከ0.9 በታች የሚወረውር ቢሆን ኖሮ ተከላካዩ ትቶት መሄዱ ትክክለኛ ውሳኔ በሆነ ነበር።

ግን ኮከቡን ጨርሶ ብናወጣውስ? ታሪክ ሁለት ጊዜ ሞክሮልናል፤ ውጤቱ ግን እርስ በርሱ ይጋጫል። ጆርዳን በ1993 መገባደጃ ጨዋታ ሲያቆም የቺካጎ ድል ከ57 ወደ 55 ብቻ ወረደ። ሌብሮን ጄምስ በ2010 ክሊቭላንድን ሲለቅ ግን የካቫሊየርስ ድል ከ61 ወደ 19 አሽቆለቆለ። ከእነዚህ “ጆርዳን አላስፈለገም” ወይም “ጄምስ ብቻውን ቡድን ነበር” ብሎ መደምደም ችኩልነት ይሆናል። ቺካጎ በዚያ ዓመት ቶኒ ኩኮችንና ከርን አስመጥቷል፤ ክሊቭላንድም ከጄምስ ጋር አሠልጣኙንና ሌሎች ተጫዋቾቹን ለውጧል። ቤተ ሙከራ ቢሆን አንድ ነገር ብቻ ቀይረን ሌላውን ባለበት እናቆየው ነበር፤ በሜዳ ላይ ይህ አይገኝም። ለእኛ ይበልጥ የሚናገረው የ1995ቱ ነው፤ ጆርዳን በመጋቢት ወር ተመለሰ፣ ነገር ግን ግራንት ቀደም ብሎ ወደ ኦርላንዶ ማጂክ ሄዶ ነበር፤ ቺካጎን ከጥሎ ማለፉ ያስወጣውም ያው ኦርላንዶ ነው። በዚያው መኸር ዴኒስ ሮድማን ተመላሽ ኳሶችን ሊለቅም መጣ፤ ቡድኑም በ1995–96 ውድድር 72 ጊዜ አሸንፎ 10 ጊዜ ብቻ ተሸነፈ፤ ዋንጫውንም አነሣ። (ጆርዳን በ1995 ከረጅም ዕረፍት በኋላ ጥቂት ጨዋታ ብቻ አድርጎ እንደነበረ መካድ አይገባም።)

የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ይህን ችግር ለመፍታት ተጫዋቹ ሜዳ ላይ ሲኖርና ሳይኖር የቡድኑ የነጥብ ልዩነት ምን እንደሚሆን ይቆጥራሉ። ሁለት ኮከቦች ሁልጊዜ አብረው የሚሰለፉ ከሆነ ግን አንድ እኩልታና ሁለት ያልታወቁ ብዛቶች ይዘን እንቀራለን፤ ድምራቸው 12 እንደሆነ እናውቃለን፣ 10 እና 2 ይሁን ወይም 6 እና 6 ይሁን አናውቅም። የሚለያቸው አንዳቸው ተጎድተው የሚቀሩባቸው ጥቂት ቀናት ናቸው።

በእኛ ግምት ኮከብ አስፈላጊ ነው፣ በቂ ግን አይደለም። ያለ እውነተኛ ኮከብ የተገኘ ዋንጫ ሲጠየቅ ሁሉም የሚጠቅሰው በ2004 ሌከርስን 4 ለ 1 ያሸነፈውን ዲትሮይት ፒስተንስ መሆኑ ራሱ ጉዳዩ ብርቅ መሆኑን ያሳያል።

ይህን ከማንም በላይ የሚያሳየን የካሪም አብዱልጀባር የጨዋታ ሕይወት ነው። ሚልዋኪ ባክስ በ1968–69 ያሸነፈው 27 ጨዋታ ነበር። ካሪም፣ ያኔ ሉ አልሲንዶር ይባል ነበር፣ በመጣበት ዓመት 56 አሸነፈ፤ ዋንጫ ግን አላገኘም። በ1970 ኦስካር ሮበርትሰን ተጨመረ፤ ድሉ 66 ደረሰ፤ ዋንጫውም መጣ። ሮበርትሰን ራሱ በሲንሲናቲ በቆየባቸው አሥር ዓመታት አንድም ዋንጫ አላነሣም ነበር። ካሪም ወደ ሎስ አንጀለስ ሌከርስ ተዛውሮ በ1976 እና በ1977 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ሲመረጥ ቡድኑ ሻምፒዮን አልሆነም። የቀሩትን አምስት ዋንጫዎች ሁሉ ያገኘው ማጂክ ጆንሰን በ1979 ከመጣ በኋላ ነው። ከአምስቱ የመጀመሪያው በ1980 ሲወሰን ካሪም ቁርጭምጭሚቱን ተጎድቶ ሎስ አንጀለስ ቀርቶ ነበር። በፊላደልፊያ የ20 ዓመቱ ጆንሰን በእርሱ ቦታ ገብቶ 42 ነጥብ አስቆጠረ፤ ሌከርስም 123 ለ 107 አሸነፈ። ያ ምሽት እስከ ዛሬ የሚነገረው በጆንሰን ስም ነው፤ ጀማል ዊልክስ በዚያው ጨዋታ 37 ነጥብ ማስቆጠሩን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው።