የጃርቱ ጉዳይ ሶንጎ ቢቀርብ

ከዲላ ተነስተው በወናጎ በኩል ወደ ይርጋጨፌ ሲወጡ ግራ ቀኙ ደን ይመስላል እንጂ የሰው ጓሮ ነው። ከላይ ትልልቅ ዛፎች፣ ከሥራቸው እንሰት፣ በመሀሉ ቡና። ጓሮው የአውሬም ነው። ጃርት ሌሊት መጥቶ የእንሰቱን ሥር ይገዘግዛል፤ ፍልፈል ከመሬት በታች ውስጥ ውስጡን ይጨርሰዋል፤ ባለቤቱ የሚነቃው ቅጠሉ ሲጠወልግ ነው። ለዓመታት የተኮተኮተ እንሰት እንዲያ ይቀራል።

በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 ያለ ፈቃድ ማደንን ከልክሏል። ተገቢ ነው። ግን የትኛው እንስሳ ይጠበቅ፣ የትኛው ይባረር፣ ጉዳቱን ማን ይሸከም የሚለው የሚወሰነው ከጓሮው ርቆ ነው።

የጓሮው ባለቤት የጌዴኦ ሕዝብ ግን መምከሪያ ወንበር አላጣም። በየመንደሩ ሽማግሌዎች የሚቀመጡበት ሶንጎ አለ፤ ከበላዩ አባ ገዳው የሚመራው የባሌ ሥርዓት (ከባሌ ተራሮች ጋር የሚጋራው ስሙን ብቻ ነው)። በተከበረው ደን ዛፍ መቁረጥ ነውር የሆነው በዚህ ሥርዓት እንጂ በዘበኛ ብዛት አይደለም።

መስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ ዩኔስኮ ሁለት የኢትዮጵያ ቦታዎችን በዓለም ቅርስነት መዘገበ፤ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን በተፈጥሮው፣ የጌዴኦን መልክዓ ምድር በባህሉ። በባሌ ተራሮች ሰፈራና ግጦሽ እንደ ስጋት ይቆጠራሉ፤ ጌዴኦ የተመዘገበው ግን ሰው ስለኖረበት ነው።

ሰውን ትቶ መወሰን የሚያመጣውን ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። በአባያና በጫሞ ሐይቆች መካከል ባለው ነጭ ሳር ፓርክ ኅዳር 1997 ዓ.ም. 463 የጉጂ ኦሮሞ ቤቶች ተቃጠሉ። ፓርኩን የተረከበው አፍሪካን ፓርክስ የተባለው ድርጅትም የነዋሪዎቹ ጉዳይ እንደተንጠለጠለ በ2000 ዓ.ም. ለቆ ሄደ።

አሁን ፋሽኑ «ግንዛቤ ማስጨበጫ» ነው። ሽማግሌዎች አዳራሽ ይሰበሰባሉ፣ ያለቀ ሰነድ ይነበብላቸዋል፣ ፈርመው አበል ይወስዳሉ። ያቺው ፊርማ ሪፖርት ላይ «የኅብረተሰብ ተሳትፎ» ሆና ትቆጠራለች።

ሶንጎም እንከን አያጣውም። ወንበሩ የወንድ ሽማግሌ ነው፤ እንሰቱን የምትፍቀው፣ የጃርቱን ጥፋት ቀድማ የምታየው ግን ሴቷ ናት። ሥልጣኑም የጌዴኦ ወሰን ላይ ያበቃል፤ ጃርቱ ግን ጉጂ ውሎ ጌዴኦ ራቱን ይበላል። ደግነቱ ሁለቱ ሕዝቦች አብረው መቀመጥን ያውቁበታል፤ በ2010 ዓ.ም. በመካከላቸው በተነሳው ግጭት መቶ ሺዎች ከተፈናቀሉ በኋላ ሽማግሌዎቻቸው የያዙት ጎንዶሮ የተባለውን ባህላዊ ዕርቅ ነበር። እነዚያው ሽማግሌዎች ለአውሬውም ይጠሩ። ስለ አውሬው የሚወጣው ደንብ ረቂቅ ሳያልቅ በጌዴኡፋና በኦሮምኛ ይነበብላቸው፤ የተበላውን እንሰት ያየችውም ሴት ትጠየቅ።