የቲቢ መድኃኒት የጀመረ ሰው በረመዳን ምን ያድርግ?

ረመዳን በገባ ቁጥር መስጂድ ውስጥ ከማይጠፉት ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው፦ «ሸይኽ፣ የሳንባ መድኃኒት ጀምሬያለሁ፤ ወሩ እስኪወጣ ባቆየውስ?» ጠያቂው የሚሳሳው ለጾሙ ነው፤ ኒያው መልካም ነው። መልሱ ግን አጭር ነው። መድኃኒቱ አይቋረጥም።

ለምን? ቲቢ ወይም የሳንባ ነቀርሳ የሚመጣው ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮኽ በ1882 እ.ኤ.አ. ለዓለም ባስታወቀው ባክቴሪያ ነው። ይህ ተህዋሲ ቀስ ብሎ ይራባል፤ ቀስ ብሎም ይሞታል። ስለዚህ የተለመደው ሕክምና 6 ወር ይፈጃል። በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት ሪፋምፒሲን፣ አይሶኒያዚድ፣ ፓይራዚናማይድና ኢታምቡቶል የተባሉ አራት መድኃኒቶች ይወሰዳሉ፤ በቀሩት 4 ወራት የፊተኞቹ ሁለቱ ይቀጥላሉ። ሕመምተኛው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሳሉ ሲቀንስለት «ድኛለሁ» ይላል። በውስጡ የተረፈው ተህዋሲ ግን አልሞተም። መሃል ላይ ከተቋረጠ ተህዋሲው መድኃኒቱን ሊላመድ ይችላል። የተላመደ ቲቢ ሕክምናው ይከብዳል፤ ወደ ሚስትና ወደ ልጅም የሚተላለፈው ያው የተላመደው ነው።

ሸሪዓችን በዚህ ላይ አላጠበቀብንም። በሱረቱል በቀራህ የታመመ ሰው አፍጥሮ በሌሎች ቀናት እንዲያካክስ ተፈቅዶለታል። ቲቢ የሚድን በሽታ ስለሆነ ባለቤቱ ፊድያ ከፍሎ የሚያልፈው ሳይሆን ሲሽረው ቀዷ የሚያወጣው ጾም ነው። በሕክምናው የበረታና ሐኪሙ የፈቀደለት ሰው መድኃኒቱን በሌሊት እየወሰደ ሊጾም ይችል ይሆናል። ሆኖም መድኃኒቱ በአብዛኛው በባዶ ሆድ ስለሚዋጥ ሰዓቱን ከኢፍጣር ወይም ከሱሑር ጋር በግምት ማዛወር አይገባም፤ ከጤና ባለሙያው ጋር ይወሰን። ሪፋምፒሲን ሽንትን ስለሚያቀላ በዚህ አትደንግጡ። ዓይን ቢጫ ከሆነ ወይም ማስመለስ ከበረታ ግን በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

ገና ያልተመረመሩትም አሉ። በዚህ ወር የከሳውንና የደከመውን ሁሉ «ጾሙ ነው» ብሎ ማለፍ ይቀናናል። ነገር ግን ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ ትኩሳትና የክብደት መቀነስ ካለ ምርመራው ለዒድ ማግስት አይቀጠር። የአንገት እብጠትም ቲቢ ሊሆን ይችላል፤ በሽታው ሳንባን ብቻ አይዝም። አክታ አውጥቶ ለምርመራ መስጠት ጾምን አያፈርስም። ጂን ኤክስፐርት የተባለው መሣሪያ ተህዋሲው መኖሩን፣ ሪፋምፒሲንን መላመዱንም ጭምር በ2 ሰዓት ገደማ ይለያል። በአገራችን የመንግሥት ጤና ተቋማት የቲቢ መድኃኒት በነፃ ይሰጣል።

በቤት ውስጥስ? የሳንባ ቲቢ የሚተላለፈው በሳልና በትንፋሽ አማካይነት በአየር ነው፤ በሳህን፣ በብርጭቆ ወይም በመጨባበጥ አይተላለፍም። ሕመምተኛውን ከኢፍጣር ማዕድ ማግለል በሽታውን አያስቀርም፤ ልብ ይሰብራል እንጂ። የሚጠቅመው መስኮት መክፈት፣ ሲሳል አፍን መሸፈንና ቤተሰቡን ሁሉ ማስመርመር ነው። በተለይ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በሽታው ባይገኝባቸውም መከላከያ መድኃኒት ሊያስፈልጋቸው ስለሚችል ይዛችኋቸው ሂዱ። ሕክምና የጀመረ ሰውም ሐኪሙ «አሁን አታስተላልፍም» እስኪለው ድረስ ተራዊሕን በቤቱ ይስገድ። ወንድሞቹን ከጉዳት መጠበቁ ራሱ ምንዳ አለው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አላህ መድኃኒት ያላደረገለት በሽታ እንደሌለ አስተምረውናል፤ እንድንታከምም አዘውናል። እንግዲህ በየቤታችሁ የቲቢ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ ዛሬ ማታ «መድኃኒትህን ዋጥክ?» ብላችሁ ጠይቁት። ያለፈው ጾም በቀዷ ይከፈላል፤ የተቋረጠ መድኃኒት ግን ዋጋው ለመላው ቤተሰብ ይተርፋል።

አላህ ለሕመምተኞቻችን ሁሉ ሺፋውን ይለግስልን።