ውዱ ጠርሙስ መቼ ይከፈት? የወይን ጠጅ አቀማመጥ በራያ ቆላ

የወይን ጠጅ በጠርሙስ ታሽጎም ሥራውን የማያቆም መጠጥ ነው። ውስኪና ዐረቄን የመሳሰሉ የተጣሩ መጠጦች ከታሸጉ በኋላ እምብዛም ሳይለወጡ ለብዙ ዓመታት ሲቆዩ፣ የወይን ጠጅ ግን በቡሹ በኩል በምትገባው እጅግ ጥቂት አየርና በውስጡ ባሉት ንጥረ ነገሮች መስተጋብር ምክንያት ከዓመት ዓመት መልኩን፣ መዓዛውንና ጣዕሙን ይቀይራል፤ በመጀመሪያ እየበሰለ ይሄዳል፣ ቀጥሎ በብስለቱ ጥቂት ጊዜ ይረጋል፣ በመጨረሻም ይደክማል። ባለሙያዎች የመጠጫ ጊዜ የሚሉት ይህን መካከለኛ ዘመን ሲሆን፣ ርዝመቱ የሚወሰነው በመጠጡ ዓይነት ብቻ ሳይሆን ጠርሙሱ በተቀመጠበት ስፍራም ጭምር በመሆኑ፣ ለቀዝቃዛ ምድር ቤት የተሰጠ ምክር በራያ ቆላ በምትገኘው በቆቦ ከተማ በቆርቆሮ ክዳን ሥር ለተቀመጠ ጠርሙስ አይሠራም።

ወይን በቆየ ቁጥር ይጣፍጣል የሚለው እምነት በሕዝቡ ዘንድ የጸና ቢሆንም፣ እውነትነቱ በጥቂት ዓይነቶች የተወሰነ ነው። በዓለም ላይ ከሚመረተው የወይን ጠጅ አብዛኛው በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲጠጣ ታስቦ የሚዘጋጅ ሲሆን፣ ዘመን የሚሻገረው ታኒን፣ አሲድ ወይም ስኳር የበረከተለት ነው፤ ታኒን የሚባለው ከወይን ፍሬው ልጣጭና ዘር የሚወጣውና ሲጠጡት ምላስንና ድድን የሚያደርቀው ንጥረ ነገር ነው። የቦርዶ ታላላቅ ቀይ ወይኖች፣ የኢጣሊያው ባሮሎና የፖርቱጋሉ ፖርት በዚህ ምክንያት ለአሥርተ ዓመታት ሲቆዩ፣ አብዛኛው ነጭ ወይንና ሮዜ ግን ቢቆይ ይጎዳል እንጂ አይሻሻልም። ከአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ የሚወጣው ጉደርም ሆነ ካስቴል በዝዋይ (ባቱ) ከሚያመርታቸው መካከል በስፋት የሚሸጡት ሪፍት ቫሊና አካሽያ ተገዝተው ቶሎ እንዲጠጡ የተዘጋጁ በመሆናቸው፣ እነርሱን ለልጅ ልጅ ማስቀመጥ ትርፍ የለውም።

በጠርሙሱ ላይ የሚታተመውን ዓመት ማንበብም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ይህ ዓመት የወይን ፍሬው የተለቀመበት ዘመን ሲሆን የሚጻፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በመሆኑ፣ በ2017 ዓ.ም. አንድ የቆቦ ነዋሪ 2017 የሚል ጠርሙስ ቢደርሰው የዚያው ዓመት ምርት ሊመስለው ይችላል። ፍሬው የተለቀመው በአውሮፓ መከር፣ ማለትም በመስከረምና በጥቅምት ከሆነ፣ ዘመኑ 2010 ዓ.ም. ነውና መጠጡ 7 ዓመት ሞልቶታል፤ ከደቡብ አፍሪካ የመጣ ከሆነ ደግሞ መከሩ በየካቲትና በመጋቢት ግድም ስለሆነ ዘመኑ 2009 ዓ.ም. ይሆናል። ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ብቻ ለሚቆይ ነጭ ወይን ይህ ስሕተት ከበቂ በላይ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ጠላት ሙቀት ነው። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ የወይን ጠጅ ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የማይለዋወጥ ሙቀት፣ ጨለማና መጠነኛ እርጥበት ይፈልጋል። ቆቦ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ፣ ከዞብል ተራሮች በስተ ምዕራብ በተዘረጋው ሜዳ የምትገኝ ስትሆን፣ በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት ከ30 ዲግሪ ያልፋል። በኬሚስትሪ እንደ ግምታዊ መመሪያ የሚወሰደው፣ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር የብዙ ኬሚካዊ ለውጦች ፍጥነት በእጥፍ ገደማ እንደሚያድግ ነው፤ ስለዚህ በቀዝቃዛ ስፍራ አሥር ዓመት ይቆያል የተባለ መጠጥ በቆላ ቤት ውስጥ ከዚያ እጅግ ባጠረ ጊዜ ይደክማል። ቀን ሲሞቅ ፈሳሹ እየሰፋ ቡሹን ይገፋዋል፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ እየተኮማተረ አየር ይስባል፤ በአንገቱ ላይ የሚጣበቅ እድፍ ያለበት፣ ቡሹ ከአፉ ከፍ ያለ ወይም መጠኑ ከትከሻው በታች የወረደ ጠርሙስ ይህ እንደ ደረሰበት ያሳያል።

ውድነት ከዚህ እንደማያድን የሚያሳየው ዝነኛ ታሪክ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1985 ለንደን ውስጥ በክሪስቲስ ጨረታ በ105,000 ፓውንድ የተሸጠው ጠርሙስ ነው። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበረው የቶማስ ጀፈርሰን ንብረት የነበረ፣ የ1787 ላፊት የተባለ የቦርዶ ወይን ነው ተብሎ የፎርብስ ቤተሰብ የገዛው ይህ ጠርሙስ፣ በኋላ የእውነተኛነቱ ነገር ብዙ ያነጋገረ ቢሆንም፣ በኒውዮርክ ለሕዝብ እይታ ቀርቦ ሳለ ከማሳያው መብራት በሚወጣው ሙቀት ቡሹ ደርቆ ወደ ውስጥ ወደቀ።

በራያ ያለው የድግስ ልማድ ለዚህ ችግር መፍትሔ የሚሆን ሥርዓት አለው። ጠጅ የሚጣለው የድግሱ ቀን ከተቆረጠ በኋላ ነው፤ ባለቤቲቱ ከድግሱ ቀን ወደ ኋላ ቆጥራ ማሩን ትበጠብጣለች፣ ጌሾውን ትጨምራለች፣ በወይራ የታጠነውን ጋን ታሽጋለች፤ ጋኑ መቼ ይከፈታል የሚል ጥያቄ ከቶ አይነሣም። በቤተ ክርስቲያንም ለቅዳሴ የሚውለው ወይን ከዘቢብ ተጨምቆ ለዕለቱ አገልግሎት የሚዘጋጅ ነው። ከውጭ አገር ወይም ከአዲስ አበባ በስጦታ የሚመጣው ጠርሙስ ግን ድግስ ሳይኖረው ስለሚመጣ በቁም ሣጥን ውስጥ «ለትልቅ ቀን» እየተባለ ይከርማል። በዓለም ዙሪያም ይኸው ችግር የተለመደ በመሆኑ፣ ዶሮቲ ጌይተርና ጆን ብሬቸር የተባሉ አሜሪካውያን ባልና ሚስት የወይን ጸሐፊዎች፣ በየዓመቱ የካቲት ላይ የሚውለውን የፈረንጆች ፌብሩዋሪ የመጨረሻ ቅዳሜ ሰዎች ያስቀመጡትን ጠርሙስ የሚከፍቱበት ምሽት እንዲሆን አድርገዋል።

ለጠርሙሱ ቀን ሲቆረጥ የተጋባዡን ቁጥር ማስላት ይገባል። አንድ ጠርሙስ 750 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ ይህም ለአምስት ሰው አንዳንድ ብርጭቆ ቢደርስ ነው። ዳሱ ሞልቶ በሚፈስበት ሠርግ ላይ ቢቀርብ ማን ቀመሰው ማን ቀረበት የሚል ቅሬታ ያተርፋል፤ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ተጎራብቶ በሚኖርበት ራያም ከታዳሚው ብዙው ብርዝ የሚቀዳለት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለእንዲህ ያለው መጠጥ የሚስማማው ትንሽ ገበታ ነው፤ ጠርሙሱን ያመጣው ዘመድ ለእረፍት ሲመለስ፣ ልጅ ሲመረቅ ወይም ሽማግሌ አባት በጤና ሳሉ ቤተሰቡ ለብቻው የሚቀመጥበት ምሽት ይመረጣል። ከወራቱም ገናና ጥምቀት የሚውሉበት ታኅሣሥና ጥር የዓመቱ ቀዝቃዛ ጊዜ በመሆኑ ምቹ ነው፤ በተለይም ጥር 12 የሚከበረው ቃና ዘገሊላ ከወይን ጠጅ ጋር የተያያዘ በዓል ነው።

እስከዚያው ድረስ ጠርሙሱን አጋድሞ፣ በጨርቅ ጠቅልሎና በሣጥን ከትቶ ከክዳኑ ርቆ በቤቱ ጨለማ ጥግ ከመሬቱ አቅራቢያ ማኖር ጉዳቱን ይቀንሳል። በእርግጥ ለዓመታት መቆየት ያለበት ዓይነት ከሆነ ግን ላስታን በመሰለ ደጋ ለሚኖር ዘመድ አደራ መስጠት ይሻላል፤ ላሊበላ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች በመሆኗ ከቆቦ እጅግ ትቀዘቅዛለችና። ሊከፈት ሲል ያረጀ ቀይ ወይን ከሆነ አተላው ከታች እንዲዘቅጥ ከአንድ ቀን በፊት ማቆም፣ በቀስታ መቅዳትና ክፍሉ ሲሞቅ ለግማሽ ሰዓት ያህል ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስገባት ይገባል፤ ቀይ ወይን በክፍሉ ሙቀት ይጠጣል የሚለው ምክር የተነገረው ለአውሮፓ ቀዝቃዛ ቤቶች ነው።

በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ በተካሄደው ጦርነት ምክንያት ብዙ የቆቦና የአካባቢዋ ነዋሪ ቤት ንብረቱን ጥሎ መውጣቱ ሲታሰብ፣ ማቆየት ራሱ ወጪ እንዳለው ማስረዳት አያስፈልግም። ስለዚህ ውሳኔው እንዲህ ሊጠቃለል ይችላል፤ ለመቆየት ያልተሠራ ወይን በመጣበት ዓመት ይጠጣል፣ ለመቆየት የተሠራ ሆኖ ቆላ ላይ የተቀመጠ ከሚቀጥለው የግንቦት ሙቀት በፊት ይከፈታል፣ ደጋ የወጣው ብቻ ይጠብቃል። ቀን ካልተቆረጠለት ግን ቡሹን ገፍተው የሚከፍቱት ግንቦትና ሰኔ ናቸው።